የሴንሰሩ ቁጥር መስታወቱን ነው የሚያሳየው ወይስ አየሩን? (25 ሴንቲሜትር ኒውቶኒያን፣ ሱሉልታ)

ውርጭ | እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው ያለሁት። ጋራው የከተማውን መብራት ስለሚከልልኝ ሰማዩ አይከፋም። የታኅሣሥ ብርዱ ግን ለጠላትም አይስጥ።

25 ሴንቲሜትር ኤፍ/5 ኒውቶኒያን (በመስታወት ብርሃን የምትሰበስብ ቴሌስኮፕ፤ የትኩረት ርዝመቷ የስፋቷ 5 እጥፍ) አለችኝ። ኮከብ ፎከስ ሳደርግ ክብ ነጥብ መሆን ሲገባው ሦስት ማዕዘን ነገር ይሆንብኛል። በዓይን ከምገምት በቁጥር ልወቀው ብዬ ሻክ-ሃርትማን ሴንሰር (ብርሃኑን በትንንሽ ሌንሶች ወደ ነጥቦች ከፋፍሎ የሞገዱን ጥመት የሚለካ) ተዋስኩ። የትንንሾቹ ሌንሶች ስፋት 150 ማይክሮን፣ የትኩረት ርዝመታቸው 4.1 ሚሊሜትር ነው። ካሜራው ባለ 3.75 ማይክሮን ፒክሰል ነው። ከፊት ያለው 15 ሚሊሜትር ሌንስ ጨረሩን ቀጥ አድርጎ 3 ሚሊሜትር ስፋት ላይ ያሳርፈዋል። ስለዚህ በመስታወቱ ስፋት 20 ሌንስ ይገባል፤ እያንዳንዱ የመስታወቱን 12.5 ሚሊሜትር ቁራሽ ያያል።

ፕሮግራሙን በፓይተን ራሴ ጻፍኩት። ነጥቦቹን ያገኛል፣ ዝንባሌ ያሰላል፣ ዜርኒኬ (ጥመቱን በየዓይነቱ የሚከፋፍሉ ቅርጾች) ይገጥማል። ግን ቁጥሩ አልረጋልኝም። በ10 ሚሊሰከንድ በማነሳቸው ፍሬሞች አስቲግማቲዝሙ (የኮርቻ ቅርጽ ያለው ጥመት) አንዴ +120 ናኖሜትር ይላል፣ ወዲያው +30 ይላል። ትሬፎይሉም (ሦስት ማዕዘኑ ጥመት) ይወዛወዛል፣ ግን ያን ያህል አይደለም። የቱን ልመን? የመስታወቱን ብሎኖች ልንካ ወይስ ልተዋቸው?

---

ባለ_ማትሪክስ | እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡42

ካቻቢቴውን አስቀምጪ።

እያየሽ ያለሽው በአብዛኛው አየሩን ነው። ሲይንጉ (አየሩ ኮከቡን የሚያደበዝዝበት መጠን) 2 አርክሰከንድ ነው እንበል። ያኔ የፍሪድ ስፋት (አየሩ ሞገዱን ብዙ የማያጣምምበት ስፋት) 5 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ መስታወትሽ የዚያ አምስት እጥፍ ነው። ኖል በ1976 ባሳተመው ስሌት መሠረት፣ በዚህ ሁኔታ አየሩ ብቻውን እያንዳንዱን የአስቲግማቲዝም አካል በ46 ናኖሜትር ገደማ ያወዛውዘዋል። ያንቺ ቁጥሮች ከ30 እስከ 120 የሚዋልሉት ለዚህ ነው። የትሬፎይሉ ድርሻ ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ረጋ ያለ ይመስላል። ስለዚህ ፕሮግራምሽ የተበላሸ አይመስለኝም፤ እንዲያውም ደህና እየሠራ ነው።

መፍትሔው አማካይ ነው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ አንሺ። ንፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር ቢሄድ መስታወትሽን በ25 ሚሊሰከንድ ያቋርጠዋል። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ብዙ መቶ የተለያየ አየር ያልፋል፣ እርስ በርሱም ይጣፋል። የሚቀረው የማይንቀሳቀሰው ነው፤ እሱ ነው የቴሌስኮፑ።

ግን ምስሎቹን ደምረሽ ሴንትሮይድ (የነጥቧን የብርሃን መሐል) አትፈልጊ። የእያንዳንዱን ፍሬም ሴንትሮይድ አውጪና እሱን አማካይ አድርጊ። ደመና ያለፈበትን ወይም ኮከቡ የሸሸበትን ፍሬም መጣል የምትችይው ያኔ ነው።

---

ነጭ_ድምፅ | እሁድ፣ ከምሽቱ 4፡05

ከአማካዩ በፊት፣ ሴንትሮይዱን እንዴት ነው የምታወጪው? በአንድ ሌንስ 40 በ40 ፒክሰል አለሽ። የነጥቧ ስፋት ግን 15 ማይክሮን ነው፣ 4 ፒክሰል ብቻ። የቀረው ሁሉ ጨለማ ነው። ጨለማው ደግሞ ዜሮ አይደለም፤ ያልተቀነሰ የጀርባ ብርሃን ነጥቧን ወደ መስኮቱ መሐል ይጎትታታል። ያኔ ዝንባሌው በሙሉ ከእውነቱ ያንሳል፣ መስታወትሽም ከእውነቱ ያማረ ሆኖ ይታይሻል። ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ የሚገባው በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው!

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ክዳን ዘግቼ ጨለማ ፍሬም አነሳለሁ፣ እሱን እቀንሳለሁ። ከዚያ በጣም ብሩህ የሆነውን ፒክሰል ፈልጌ በዙሪያው 12 በ12 የምታህል ትንሽ መስኮት እከፍታለሁ። ሴንትሮይድ አወጣለሁ፣ መስኮቷን እዚያ ላይ አዙሬ እንደገና አወጣለሁ። ሁለት ሦስት ዙር በቂ ነው። ጠርዝ ላይ ያሉትንና የሁለተኛው መስታወት ጥላ ከፊሉን የሚሸፍናቸውን ሌንሶች ያለ ርኅራኄ ጣያቸው። ግማሽ ብርሃን ያገኘ ሌንስ ይዋሻል።

ባንቺ መለኪያ 1 ፒክሰል መንቀሳቀስ ማለት ሞገዱ በዚያች ቁራሽ ላይ 137 ናኖሜትር አዘነበለ ማለት ነው። የፒክሰል አንድ አሥረኛ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ሁሉ መፈተኛ ቀላል ዘዴም አለ። ፎከሰሩን በትክክል 0.1 ሚሊሜትር አንቀሳቅሺ። ለኤፍ/5 የዲፎከሱ (ከትኩረት የመሸሹ) ቁጥር በ144 ናኖሜትር መቀየር አለበት። 100 ከመጣ ሴንትሮይድሽ እየተጎተተ ነው። በተቃራኒው ምልክት ከመጣ ደግሞ አንድ ቦታ አቅጣጫ ገልብጠሻል።

---

ጀማሪ_21 | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ይቅርታ፣ ገባ ብዬ ልጠይቅ። ነጥቦቹ ሲንቀሳቀሱ የመስታወቱ ቅርጽ እንዴት ይታወቃል? ሒሳቡን ሳይሆን ሐሳቡን ነው የምፈልገው።

---

ለገጣፎ_ሌሊት | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

@ጀማሪ_21 ምስማር የበሳው አሮጌ ቆርቆሮ ጣሪያ አስብ። ፀሐይ ስትገባ ወለሉ ላይ ነጥብ ነጥብ ትሠራለች። ብርሃኑ በአንዱ ቀዳዳ በኩል ትንሽ ዘንበል ብሎ ቢገባ የዚያ ቀዳዳ ነጥብ ብቻ ከቦታዋ ትሸሻለች። የትኛዋ ነጥብ ወዴት ምን ያህል እንደሸሸች ካወቅህ፣ ብርሃኑ የት ቦታ እንደተጣመመ ታውቃለህ።

ዮሐንስ ሃርትማን በ1900 አካባቢ ጀርመን አገር የሠራው ይህንኑ ነው፤ በቴሌስኮፑ ፊት ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ አስቀመጠ። በ1971 ደግሞ አሪዞና ላይ ሮላንድ ሻክና ቤን ፕላት ቀዳዳውን በትንንሽ ሌንስ ተኩት። ያኔ ብርሃን አይባክንም፣ ነጥቧም ጠባብ ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ያለው የሒሳብ ሥራ ዝንባሌዎቹን ገጣጥሞ ቅርጹን መመለስ ነው። ውርጭ ጋ 270 ገደማ ደህና ሌንሶች ይኖራሉ፣ በያንዳንዱ የአግድምና የቁም ዝንባሌ አለ። ወደ 540 ቁጥር ይሆናል። የምትፈልጋቸው ዜርኒኬዎች ደግሞ 15 ወይም 20 ናቸው። መረጃው ከጥያቄው ስለሚበልጥ በሊስት ስኩዌርስ (የስህተቶቹን ካሬ ድምር በሚያሳንስ ዘዴ) ይፈታል። ፓይተን ውስጥ አንድ መስመር ናት።

@ውርጭ አንድ ነገር ግን አላየሁም። ሪፈረንስሽ ምንድነው? ነጥቦቹ ሸሹ የምትይው ከየት ነው?

---

ውርጭ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ከእኩል ፍርግርግ ነው። በየ40 ፒክሰሉ ይሆናሉ ብዬ ነው ያሰላሁት።

የዲፎከሱን ፈተና ዛሬ አመሻሽ ላይ ሠራሁት፣ መስኮቱን 12 ካደረግኩ በኋላ 141 መጣ። አማካዩም ሠርቷል። አሁን አስቲግማቲዝም +78፣ ትሬፎይል +41 ላይ ቆመዋል።

---

ለገጣፎ_ሌሊት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

እንግዲያው ከዚያ 78 ውስጥ ምን ያህሉ የዚያች የ15 ሚሊሜትር ሌንስ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? ሴንሰሩ የራሱን ጉድ ከመስታወቱ ጋር ደምሮ ነው የሚነግርሽ።

የሃብል ታሪክ እኮ ይኼ ነው። መስታወቱን የሚፈትነው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ በ1.3 ሚሊሜትር ከቦታዋ ወጥታ ነበር። መስታወቱ በዚያ መሣሪያ ሲታይ ፍጹም ነበር። በ1990 ጠፈር ላይ ሲወጣ ግን ጠርዙ በ2.2 ማይክሮን ከሚገባው በላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ተገኘ። አሳምረው ነው የሞረዱት፣ ግን ወደ ተሳሳተ ቅርጽ። ማረሚያው የተገጠመው በኅዳር 1986 በኛ አቆጣጠር (በፈረንጆቹ 1993) ነው፣ ጠፈርተኞች ወጥተው።

ለሪፈረንስ ውድ ነገር አያስፈልግሽም። ሰፈር ኢንተርኔት የሚዘረጉ ልጆች የሚጥሉት የፋይበር ቁራጭ ይበቃል። ጫፉ በደንብ ይቆረጥ፣ ውስጡ 9 ማይክሮን ነው። ኮከቡ የሚያርፍበት ፎከስ ላይ አስቀምጪው፣ ከሌላው ጫፍ ብርሃን ስጪው። ያ ብርሃን መስታወቱን አላየውም፣ ሴንሰሩን ብቻ ነው የሚያየው። ነጥቦቹ ያረፉበት ቦታ ሪፈረንስሽ ነው።

---

ነጭ_ድምፅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

ልጆቹ የተቆረጠ መስመር የሚፈልጉባትን ቀይ ሌዘር ከተጠቀምሽ ነጥቦቹ በስፔክል (በሌዘሩ ዝንጉርጉር ነጠብጣብ) ይበላሻሉ። ፋይበሩን እያወዛወዝሽ ብዙ ፍሬም አማካይ አድርጊ። ወይም ተራ ኤልኢዲ ይሻላል፣ ቢደክምም።

---

ጋሼ_ብርጭቆ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

ልጆቼ፣ ሪፈረንሱ ጥሩ ነው። እሱ ግን ሴንሰሩን ብቻ ነው የሚያጠራው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቁጥር የብርጭቆው ነው ወይስ ብርጭቆው የተቀመጠበት የላሜራ ቤት? እኔ ብርጭቆ ሞራጅ ሰውዬ ነኝ፣ ሒሳቡ ላይ አልከራከራችሁም። ግን ስንት ሰው ደህና መስታወት አውጥቶ እንደገና ሲሞርድ አይቻለሁ።

ውርጭ ልጄ፣ የመስታወቱ ጠርዝ ላይ በማርከር ምልክት አድርጊ። ለኪ። ከዚያ መስታወቱን ከነቤቱ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ 90 ዲግሪ አዙሪና እንደገና ለኪ። የብርጭቆው የሆነው አስቲግማቲዝም አብሮ ዞሮ ምልክቱ ይገለበጣል። የቤቱ ወይም የሁለተኛው መስታወት የሆነው ባለበት ይቀራል። ሁለቱን ደምረሽ ለሁለት ብታካፍይ የቤቱ ነው፤ ቀንሰሽ ብታካፍይ የብርጭቆው ነው። ለትሬፎይል 60 ዲግሪ ነው የምታዞሪው።

ደግሞ ሦስት ማዕዘን ኮከብ ስትይ እኔ ቀድሞ የጠረጠርኩት ሦስቱን ክሊፕ ነው።

---

ውርጭ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡25

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ።

በአዲሱ ሪፈረንስ አስቲግማቲዝሙ ብዙም አልተለወጠም፣ ሌንሷ ንጹሕ ነች ማለት ነው። ስፌሪካሉ (የጠርዙና የመሐሉ ትኩረት አለመገጣጠም) ግን ግማሽ ያህሉ የሷ ነበር፣ ወርዷል።

ትሬፎይል፦ ከመዞሩ በፊት +41፣ 60 ዲግሪ ዞሮ +37። ድምሩ ለሁለት 39፣ ልዩነቱ ለሁለት 2። በሙሉ የቤቱ ነው! ክሊፖቹን ሳያቸው መስታወቱን ነክሰው ይዘውታል። አላልቼ በክሊፑና በብርጭቆው መካከል ወረቀት የሚያልፍበት ክፍተት ተውኩ። አሁን 6 ነው። ኮከቡም ክብ ሆነ፣ ተገላገልኩ።

አስቲግማቲዝም፦ ከመዞሩ በፊት +78፣ 90 ዲግሪ ዞሮ −30። እንግዲህ የቤቱ 24፣ የብርጭቆው 54 ሆነ። 54 ብዙ አይደለም? መስታወቱን ወደ እርስዎ ላምጣው?

---

ጋሼ_ብርጭቆ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡10

አታምጪው ገና። በሁለቱ ልኬት መካከል ስንት ሰዓት አለፈ? ቴሌስኮፑስ የት ነው የቆመው?

---

ውርጭ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡45

አንድ ሰዓት ከምናምን። አውጥቶ መመለሱ፣ ማስተካከሉ ጊዜ ይወስዳል። የቆመው የጅምር ቤታችን ሶሌታ ላይ ነው።

---

ባለ_ማትሪክስ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡20

ጋሼ የሚሉት ገባኝ። ሶሌታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል፣ ማታ ሙቀቱን ከሥር ወደ ላይ ይተፋል። ይህ ደግሞ ከላይ እንዳለው አየር በግማሽ ደቂቃ አይጣፋም፣ ቱቦው ውስጥ እየተንደረደረ አንድ ቅርጽ ይዞ ይቆያል። መስታወቱም ራሱ ገና እየቀዘቀዘ ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ልኬት መካከል ሁሉም ነገር ተለውጧል። ልዩነቱን ያመጣው መዞሩ ነው ወይስ ሰዓቱ? ከሁለት ቁጥር ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ሦስት ጊዜ ለኪ። ቀጥ፣ የዞረ፣ እንደገና ቀጥ። የሁለቱ ቀጥ ልኬቶች አማካይ ከመሐለኛው ጋር በአንድ ሰዓት ላይ እንዳለ ይቆጠራል። በእኩል ፍጥነት የሚቀየር ነገር ሁሉ ከስሌቱ ይወጣል። ከሶሌታው ውረጂና ሣር ላይ ትከዪው። ከመስታወቱ ጀርባ የኮምፒውተር ማራገቢያ ግጠሚ።

---

ለገጣፎ_ሌሊት | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡00

ኮከቡንም ምረጪ። በዚህ ሰሞን ሌሊት 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ቤቴልጂውስ ከአናታችን በላይ ናት ማለት ይቻላል፤ ከዜኒት የምትርቀው ሁለት ዲግሪ ባይሞላ ነው። አየሩ እዚያ ቀጭን ነው፣ መስታወቱም በጀርባው ተንጋሎ ስለሚተኛ ክብደቱ እኩል ይከፋፈላል። በመስከረም መጨረሻ ቢሆን ምሽት 1 ሰዓት ላይ አልታየር ነበረች፣ እሷማ ልክ አናት ላይ ነው የምታልፈው። 9 ዲግሪ ላይ የመኖር ጥቅሙ ይኼ ነው። ጉዳቱን የሚያውቀው የሰሜን ኮከብን ከባሕር ዛፍ ውስጥ ሲፈልግ ያደረ ነው።

ኮከቡን ከመስኩ መሐል እንዳታወጪው ብቻ። ኤፍ/5 ላይ ትንሽ ወደ ጎን ከሸሸ የምትለኪው ኮማ (ኮከቡን ጭራ ያለው የሚያስመስል ጥመት) የመስኩ እንጂ የመስታወቱ አይሆንም።

---

ነጭ_ድምፅ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡12

አናት ላይ ብቻ ከለካሽ ግን ያለሽ የአናቱ መልስ ብቻ ነው። ቴሌስኮፕሽ ብዙውን ጊዜ ወደ ጎን ያጋደለ ነው። ሲጋደል መስታወቱ በጠርዙ ላይ ይደገፍና አስቲግማቲዝም ያበቅላል። 40 ዲግሪ ላይም አንድ ለኪ።

---

ውርጭ | እሁድ፣ ከጠዋቱ 3፡05

አርብ ማታ መብራት ሄዶ ማራገቢያውም ላፕቶፑም ቆመ። ቅዳሜ ተሳካ። ሣር ላይ፣ ከመሸ አራት ሰዓት ካለፈው በኋላ፣ ጅብ ከአጥሩ ማዶ እየጮኸ፦

ቀጥ +38፣ የዞረ −22፣ እንደገና ቀጥ +36። የቀጦቹ አማካይ 37። ስለዚህ የቤቱ 7.5፣ የብርጭቆው 29.5። ከ54 ወደ 30 ወረደ፣ ብርጭቆውን ማንም ሳይነካው። 40 ዲግሪ ላይ ደግሞ የቤቱ ወደ 19 ወጣ፣ ነጭ_ድምፅ እንዳለው።

---

ጀማሪ_21 | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40

30 ጥሩ ነው መጥፎ? ሌላ ቦታ አስቲግማቲዝም 70 ምናምን ሆኖ ደህና ነው ሲሉ አይቻለሁ።

---

ባለ_ማትሪክስ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ዜርኒኬ የሚጻፍበት ልማድ አንድ አይደለም። ውርጭ የምትጠቀመው የኖልን ነው፣ ቁጥሩ ራሱ አርኤምኤስ (የስህተቱ ካሬዎች አማካይ ካሬ ሥር) ነው። በሌላው ልማድ ያው አስቲግማቲዝም በካሬ ሥር 6 ተባዝቶ ይጻፋል፣ 30 ወደ 73 ይሆናል። ተራ ቁጥራቸውም ይለያያል። የሁለት ሰው ውጤት ከማወዳደርህ በፊት ይህን ጠይቅ። ደግሞ ይህ ሁሉ የሞገዱ ስህተት ነው፤ ብርሃኑ ሄዶ ስለሚመለስ የብርጭቆው ገጽ ስህተት ግማሹ፣ 15 ናኖሜትር ነው።

ምስሉ ደህና ነው የሚባልበት፣ የማሬሻል ወሰን የሚባለው የሞገዱ ርዝመት አንድ አሥራ አራተኛ ነው፣ ለአረንጓዴ ብርሃን 39 ናኖሜትር። 30 ከሱ በታች ነው። ግን ወሰኑ ለድምሩ ነው። ኮማውና ስፌሪካሉ በካሬ ሲደመሩበት ጠርዝ ላይ ልትቆም ትችላለች።

---

ነጭ_ድምፅ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ታዲያ ለምን አይስተካከልም? ትላልቆቹ መስታወቱን ከጀርባ እየገፉ ያስተካክሉት የለ። ቺሊ ያለው ኤንቲቲ የሚባል ቴሌስኮፕ በ1989 ሥራ ሲጀምር የ3.58 ሜትር መስታወቱ 24 ሴንቲሜትር ብቻ ውፍረት ነበረው፣ ከሥሩ 75 ድጋፍ። ሴንሰሩ ይለካል፣ ኮምፒውተሩ ድጋፎቹን ያዛል። የሱም መስታወት እንደ ሃብል በመፈተኛው ጥፋት ስፌሪካል ነበረበት፣ ግን በድጋፎቹ ገፍተው አወጡለት። ሃብል ጠፈርተኛ አስፈለገው፣ ይኼኛው ኮምፒውተር ብቻ። ለ25 ሴንቲሜትር ሁለት ምንጭና ሁለት ብሎን አስቲግማቲዝምን ይበቃሉ።

---

ጋሼ_ብርጭቆ | ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

የ25 ሴንቲሜትር ብርጭቆ ከውፍረቱ አንጻር ድንጋይ ነው። 15 ናኖሜትር ለማጠፍ በምትገፊው ብሎን ሌላ 15 ትጨምሪበታለሽ። ያ ዘዴ የሚሠራው ሴንሰሩ ሁልጊዜ እየለካ ከሆነ ነው፤ አንዴ አጥብቀሽ የምትተዪው ብሎን ሌሊቱ ሲበርድ ሌላ ብሎን ይሆናል። እንጦጦ ላይ እንዳሉት ባለ 1 ሜትሮች ቢሆን ሌላ ወሬ ነው።

እኔ የምለው፣ ብርጭቆውን አትንኪው። ይልቅ 40 ዲግሪ ላይ 19 የሆነው ያንቺ ጉዳይ ነው። የጠርዙ ድጋፍ ከሥር ሁለት ቦታ ነው ወይስ አንድ?

---

ውርጭ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

አንድ ነው ጋሼ፣ ልክ ከመሐል በታች።

---

ጋሼ_ብርጭቆ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡35

ሁለት አድርጊው፣ በመካከላቸው 90 ዲግሪ። ከብርጭቆው የክብደት መሐል ጋር ትክክል ይሁን፣ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እንዳይሸሽ። ናይለን ቁራጭ መርካቶ ታገኛለሽ፣ ላስቲክ ግን አትጠቀሚ፣ ይይዘዋል። ቡራዩ ከመጣሽ የኔ ዘንድም ትርፍ አለ።

---

ነጭ_ድምፅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

በብሎኑ አልተስማማሁም፣ ግን ድጋፉ ይቅደም። ውርጭ፣ የቅዳሜውን ጥሬ ፍሬሞች አስቀምጠሻቸው ከሆነ ላኪልኝ። የ40 ዲግሪውን 19 በኔ ፕሮግራም ላወጣው እፈልጋለሁ።

---

ውርጭ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

አሉ። በፍላሽ ለጋሼ እሰጣቸዋለሁ፣ ቅዳሜ ቡራዩ እሄዳለሁ። በኢንተርኔት ልጫን ካልኩማ እስከ ጥምቀት አያልቅም።